ከአምስት ስንት

ሐሙስ ነው፣ ስምንት ሰዓት፤ እዚህ አዘዞ
የክፍሉ ቆርቆሮ በፀሐይ ተይዞ
ይንጣጣል ከላይ፤
እኔ ቅጽ ታቅፌ ቆሜያለሁ ከኋላ፣
ጀርባዬ ግድግዳው ላይ።

ሃምሳ አራት ልጆች ናቸው፤ መጽሐፉ ዘጠኝ፣
ለስድስት ልጅ አንድ፤ እሱም ዳር ዳሩን አይጥ ቀምሶት፣
የመጨረሻው ቅጠል የማይገኝ።

ታሪኩ ስለ አንድ የድልድይ ዘበኛ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀረጥ ሲሰበስብ በተራው ያልተኛ፤
አንድ ሌሊት ግን ኬላውን ከፍቶ፣
ፋኖሱን አንጠልጥሎ፣ ቁልፉን ወንዝ ከትቶ፣
ሄደ።
"ለምን ሄደ?" ይላል የዛሬው ጥያቄ።
እኔም አላውቀውም። የእኔ ሥራ ሌላ ነው፦
ነጥብ መስጠት ጠንቅቄ።

ቅጹ ከጎንደር ነው የመጣ፣ ከጽሕፈት ቤቱ፣ በባጃጅ ተጭኖ፤
በደረሰ ጊዜ ጠርዙ የታጠፈ፣ ዘይት የነካው ሆኖ።
ለየልጁ ሚና፣ ለየሚናው ሳጥን፣
ለየሳጥኑ ቁጥር፤ ከአንድ እስከ አምስት፣ ልክን የሚመጥን።
በእኔ ጊዜ ሚና ሁለት ብቻ ነበር፦
አርጩሜ የያዘና መዳፉን የዘረጋ።
ይኼኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ሲመሽ እጅ አይነድም።

መስኮቱ ሥር ያለው ቡድን ጋ ደረስሁ።

ትርንጎ ጠያቂ፤ ጥያቄ አይቸግራት፣
የመጀመሪያው ሳይመለስ አምስተኛው ቀደማት፤
አምስት ሰጠኋት።

የሰጠኝ ድርሻ ጨምቆ ማቅረብ ነው፤
ጨመቀው፣ ጨመቀው፤ ዘበኛው ከነፋኖሱ ፈሰሰና
በእጁ ልጣጭ ቀረ።
ቅጹ "በአጭሩ" ነው የሚል፤ አጭር ነበረና
አራት።

ኑሪያ ቃል ፈቺ፤ "ኬላ"ን ከመዝገብ አወጣች፣
ቀና ብላ ደግሞ፣ "አባቴ ሹፌር ነው፤ በመተማ መንገድ
ኬላ ላይ ሲያቆሙት..." ብላ ጀመረች።
ቃል መፍታት ነው ሥራዋ፤ ከኑሮ ማገናኘት የያብስራ ድርሻ፤
"ከሚናዋ ወጣች" ብዬ ጻፍሁ፣ በቀይ፣ ለማስታወሻ።

ያብስራ ግን፣ አገናኙ፣ ምንም አላገናኘ፤
በመስኮት አሻግሮ ባጃጅ ሲቆጥር ተገኘ።
ዜሮ የለም ቅጹ ላይ። አንድ።

አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ክፍሉ ሁሉ ዝም ይላል፤
ያን ጊዜ ብቻ ነው ለሁሉም እኩል ነጥብ የሚገባ ይመስላል።

እንየው ሰዓሊ ነው፤ ወረቀቱ ነጭ እንዳለ፣
እርሳሱ ጆሮው ላይ እንደ ተንጠለጠለ።
"አንድ" ልጽፍ ስል አየሁ፦
ሁለት እጁ መጽሐፉን ይዟል።
አንባቢው ሲለወጥ ወደ አንባቢው ያዘነብለዋል፣
ንፋስ ሲገባ ገጹን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣
የተላቀቀውን ስፌት በመዳፉ ደግፏል፤
ለአምስቱ አቅንቶ፣
ለራሱ ዘቅዝቆ
ያነባል።
ለዚህ ሳጥን የለኝም።
ቅጹን ገለበጥሁት፤ ጀርባውም ምንም አይልም።

አንጓች ታዛቢ ናት፤ ያየችውን ትጽፋለች፤
"እስኪ አሳይኝ" ብላት በክንዷ ሸፈነች፣
ኋላ ግን ሰጠች፦
"ትርንጎ መልስ አትሰማም። ሰጠኝ ይቸኩላል።
ኑሪያ ልትናገር ነበር፤ እስክሪብቶ አየችና ተወች፤ ያሳዝናል።
ያብስራ ሦስት ቀን ያልመጣ የወንድሙን ባጃጅ ይጠብቃል።
ቲቸር ከኋላችን ቆመዋል። መጽሐፉን አላዩም።
ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ።"

ያኔ እንየው፣ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ፣
"ዘበኛው" አለ፣ "ሠላሳ ዓመት አሻገረ እንጂ
ተሻግሮ አያውቅም፤
ማዶውን ሊያይ ይሆናል የተነሣ።"

ትርንጎ እንኳ ጥያቄዋን ዋጠች።
"አባቴም..." አለች ኑሪያ፣ ወደ እጄ እያየች፤
ጠበቀች።

"ቀጥዪ" አልኋት።
ቅጹን ከታፋዬ ሥር አድርጌ አግዳሚው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ፤
"አምጣ" አልሁት እንየውን፤ መጽሐፉን ተቀበልሁ።
ከባድ ነው ለካ፤ ክንድ ያደክማል።
ፊደሉ ተገልብጦ፣ "ሀ" ድልድይ ይመስላል።

ቅጹ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው።
እንየው እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።