ክፍል አሥራ ዘጠኝ

ኦስትራቫ ከተማ፣ ከትራም ጋራዡ ጀርባ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከጠባቧ ክፍል አራት አምስት ሆነን ስንገባ፣
ቢራው ሳይቀዳ ነው ጠቡ የሚጀምር፤
ሰላምታ ለሌላ ቀን፣ ጤናም ለሌላ ቀን ይደር።

ርዕሱ ያው አንድ ነው፦ «ጣቢያ አርባ አንድ»፣
ሦስት ምዕራፍ ሄዶ፣ በጀት ሲያልቅበት የቀረ ከመንገድ።
ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ፣ አፉን እንደከፈተ፣
ምን ሊል እንደነበር ለማንም ሳይነግር ተዋናዩ ሞተ።
እኛ ግን አለን፣
ያንን ያልወጣ ቃል ለሠላሳ ዓመት እያመነዠክን።

ራዲም ትራም ነጂ ነው፣ የስምንት ቁጥር መስመር፤
ሦስተኛው ምዕራፍ ስሙ ሲነሣበት ፊቱ የሚጠቁር።
«ደራሲ ሲለወጥ ሰው ሁሉ ጅል ሆነ!
ያ ብልህ አብራሪ፣ ያ ብሎን በጥርሱ ፈትቶ ያዳነ፣
በሦስተኛው ምዕራፍ ቀበቶ መፍታት አቃተው!
ይህን የጻፈ ሰው እጁን ምን አገኘው?»

ዝዴንካ የጥርስ ሐኪም፣ ሰማያዊ ደብተር አላት፣
የፊልሙን ስሕተት ሁሉ ቁጥር እየሰጠች የምትመዘግብበት።
ስድሳ ሦስት፦ አየር በሌለበት ፍንዳታው አስተጋባ።
መቶ አራት፦ ቁስሉ ከግራ ጉንጭ ወጥቶ ቀኝ ጉንጭ ላይ ገባ።
መቶ ዘጠና፦ ባዕዷ ንግሥት፣ ሦስት ዓይን ያላት፣
ከዙፋኗ ሥር የአንድ አናጺ ካልሲ ይታያል ድንገት።
ይህን ሁሉ የምትለቅመው ጠልታው እንዳይመስላችሁ፤
የልጁን ራስ የሚቀምል ሰው ጠላት ነው ትላላችሁ?

ማቲያሽ ተማሪ ነው፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፤
ሊስቅብን መጥቶ፣ ወንበር ስቦ ቀርቶ፣ እኛኑ የለመደው።
«መርከቡ ካርቶን ነው፣ ሲዞር ክሩ ይታያል፤
ፕላኔት ያላችሁት የተላጠ ድንች ይመስላል።»
ራዲም ይነሣበታል፦ «ያልተነቀልክ የወተት ጥርስ!
ክሩን ያየ ዓይንህ፣ ምነው ከክሩ በላይ እስከ ሰማይ ቢደርስ!»

እኔ፣ ኢቬታ፣ የካሴቶቹ መጋቢ ነኝ፤
ቴፑ ሲያኝክብኝ በእርሳስ የማጠነጥን፣ ዳኝነት ያቃተኝ።

ቭላስቲሚል ግን ዝም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም።
አንድ ቢራ ያዛል፤ ሁለተኛ አይደግምም።
የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ ነበር፣ ጡረታ እስኪወጣ፤
ከቅንድቡ በላይ ሰማያዊ ጠባሳ፣ ከሰል የገባበት፣ ታጥቦ የማይወጣ።

ያን ሐሙስ ያየነው ክፍል አሥራ ዘጠኝን፣
ሁልጊዜ ለሁለት የሚከፍለንን፤
አየሩ ሲያልቅ፣ ካፒቴኑ በሩን የሚዘጋበት፣
ኢልማን፣ መካኒኳን፣ ከወዲያ ማዶ የሚተውበት።
«ነፍሰ ገዳይ!» አለች ዝዴንካ። «ዘጠኝ ሰው አዳነ!» አለ ራዲም፤
«አንድ ለዘጠኝ ነው፤ ሒሳብ አይዋሽም።»
«ሒሳብ በገበያ!»
«ተዋናይቷ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብላ ነው የገደሏት!» ማቲያሽ ጣልቃ ገባ፤
ሁለቱም ዞሩበት፤ ብርጭቆ ተገለበጠ፣ ጎርፉ ደብተሯ ላይ ገባ።

ያኔ ነው ቭላስቲሚል ጉሮሮውን የጠረገ፤
«በሩስ ደግ። በር ይዘጋል፣ መዘጋት ካስፈለገ።
ስሕተቱ ሌላ ነው፤» አለ፣ «አታንኳኳም።»
«ማን?» አልነው። «ልጅቷ። አንዴም አታንኳኳም።
ከወዲያ የቀረ ሰው ያንኳኳል። ብዙ ያንኳኳል።
መጀመሪያ በቡጢ፤ ኋላ በመፍቻ፤
መሐል መሐሉ እየረዘመ ይሄዳል።»

ዝዴንካ በቀስታ፣ እንደ ልማዷ፣ «ጠፈር ላይ ድምፅ አይሄድም፤
ስድሳ ሦስት ቁጥር...» አለች፤ አልጨረሰችም።
«በብረት ይሄዳል፤» አለ፣ «ሰው መዳፉን ቢያስደግፍ
በጆሮው አይደለም የሚሰማው፤ በክንዱ ነው፣ በአጥንቱ ጫፍ።»

የት? መቼ? ስንት ሰው? ማንም አልጠየቀው።
ማቲያሽ እንኳ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።
ስምንት ቁጥር ትራም ከውጭ መታጠፊያው ላይ ሲያፋጭ ተሰማ፤
ብርጭቆው ሁሉ ነዘረ፤ ከዚያ ምንም፤ ጨለማ።

ዝዴንካ ደብተሯን በመሐረብ አደረቀች፣
ቀለሙ በፈሰሰው ገጽ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ክፍል አሥራ ዘጠኝ። ማንኳኳቱ ጎደለ።
መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ልክ ነው» አለ፤
ሁለተኛ ቢራም አዘዘ።

ራዲም ብዙ ታገሠ፤ ኋላ ሆዱ አልችል ሲለው፣
«የሆነው ሆኖ፤» አለ፣ «ሦስተኛው ምዕራፍ ግን፣
እግዜር ያሳያችሁ፣ ምኑ ነው የሚታየው?»