ሁለት ጣት

ወለሉ ላይ ትርንጎ ቢጫ ፕላስተር ለጠፈች፤
መነሻና መድረሻ፣ ሁለት መስመር አሰመረች።
«ሰባት ሜትር ከስልሳ ሁለት» አለች፣ ሰዓቷን እያየች፤
«በቻሉት ፍጥነት ይራመዱ፣ እንዳይወድቁ ብቻ» አለች።

እኔ ግን ቀያሽ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
ሜትሬን ስዘረጋ ኖርኩ በየማሳው፣ በየጥሉ።
ዓይኔ ዝም አይልምና ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣
«ልጄ» አልኳት፣ «መስመርሽ ከልኩ ጎድሏል ሁለት ጣት።»
ሳቀች። ፕላስተሩን ግን አላነሳችውም ያን ለት።

የመጀመሪያው ማክሰኞ፦ ዘጠኝ ነጥብ አራት።
ጥሩ ነበር። ከቀሃ በባጃጅ ነው የመጣሁት፤
ጠዋት ነበር፣ ነፋስ ነበር፣ እግሬ እንደ ሰው እግር ታዘዘኝ፤
ግራዬ ትንሽ ተጎተተ፣ ቀኜ ግን አላሳፈረኝ።

ሁለተኛው ማክሰኞ ባጃጆቹ ቤንዚን አጥተው
ከማደያው እስከ ፒያሳ ተሰልፈው፣ ተኮልኩለው፤
አቀበቱን በእግሬ ወጣሁ፣ የመጋቢት ፀሐይ በአናቴ፤
ሰውነቴ ከጋለ ደግሞ ይከዳኛል ጉልበቴ።

አስራ አንድ ነጥብ ሁለት። ትርንጎ ደብተሯን አየች፣
ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ደብተሯን። እስክሪብቶዋን ነከሰች።
«ባሰብዎት ማለት ነው? ወይስ እኔ ዘገየሁ ስጫን?
ወይስ ወለሉን አሁን ወልውለውት አዳልጦዎት ይሆን?»

ጥናት ነው የያዘችው። አስራ አራት ሰው አለች፤
ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ትለካለች፣ ታስተያያለች።
ሰውየው ሳይለወጥ ቁጥሩ ከተለወጠባት
መለኪያው ዋሾ ምስክር ነው፣ አይቀርብም ለፍርድ ቤት።
ግን ሰውየው አልተለወጠም ብሎ ማነው የሚምለው?
እኔ ራሴ አልምልም። ሸሚዜን ዛሬ እቆልፈዋለሁ፣
ነገ ልጄ ነው የሚቆልፈው።

የበሽታውን ስም ሐኪሙ በፈረንጅ አፍ ነው የነገረኝ፤
መልቲፕል ስክለሮሲስ። ከዚያ ሽቦ ሣለልኝ፤
ልባሱ የተላጠ ሽቦ፦ አንዴ ቦግ፣ አንዴ ድርግም።
እንደ ሰፈሬ መብራት ነዋ! ይኼስ አልከበደኝም።

ቀጥላ ሰሌዳ አመጣች፣ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለበት፤
ክብሪት የሚያካክሉ ዘጠኝ ችንካሮች ለቅሜ ልሰካበት።
ቀኝ እጄ፦ ሃያ አራት። ባለፈውም፦ ሃያ አራት።
እጄ ሐቀኛ ወጣ። እግሬ ነው ቃሉን ያጠፈ፤
አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንዱ አመነ፣ አንዱ ቀጠፈ።

ያኔ ነገርኳት፦ ሳንጃ አጠገብ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣
በአንዲት ድንበር ሰባት ዓመት የተካሰሱ፣ የተማረሩ።
ጠዋት ለካሁ፣ ቀትር ለካሁ፤ የብረት ሜትር በፀሐይ ይረዝማል፤
ልዩነቱ አንድ የስንዴ ፍሬ። ታላቅየው «ይኸው ዋሽቷል!» ይላል።
በእኛ ሥራ የተፈቀደ ስህተት አለ፣ በሕግ ያለ፤
ከዚያ በታች የሜትሩ ትንፋሽ ነው፣ ስህተት አልተባለ።

«የኔስ ትንፋሽ ስንት ነው?» አልኳት። «ስንት ሰከንድ ብዘገይ ነው
በሽታው ገፋ የሚባለው? ስንት ድረስ ነው ቀኑ ነው የሚባለው?»
ዝም አለች።
«እሱን ነው» አለች፣ «እኔም የምፈልገው።»

አማካዩን ልታሰላ ስትል፣ «አይሆንም» አልኳት «ልጄ፤
አስር ነጥብ ሦስት የሚሉትን አላውቀውም ሄጄ።
ሁለቱንም ጻፊ። ከጎኑም የቤንዚኑን መጥፋት፣
ሰዓቱን፣ አቀበቱን፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት።»
«ሠንጠረዡ ቦታ የለውም።» «እንግዲያ ጠርዙ ላይ» አልኩ፤
እኔም ከቀየስኩት መሬት ግማሹን በጠርዝ ነው ያዳንኩ።
ስወጣ ሜትሬን ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩ።

ሦስተኛው ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣
መስኮቱ ተከፍቷል፤ ትርንጎ ተንበርክካ ከበሩ ኋላ፣
ቢጫውን ፕላስተር ልጣ፣ የኔን ሜትር ዘርግታ፣
ሁለት ጣት ወደ ፊት ገፋችው፣ ዳሩን በጥፍሯ አሽታ።
አልሳቀችም አሁን። «ይዩት እስቲ» አለች፣ ቀና ብላ።

ጎንበስ አልኩ። ልክ ነው።
በትሬን ተቀብላ ከግድግዳው አስጠጋችው።
አውራ ጣቷ አዝራሩ ላይ፣ ዓይኗ ከጫማዬ ጫፍ ላይ ተተክሏል፤
ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል፣ ቤንዚን መጥቷል መሰል።
«ይጀምሩ» አለች።
ግራ እግሬን አየሁት፦ ዛሬስ ምን ይላል?