የቀኙ ዳዶ

ዱሉት ዳገት ናት፤ ከሐይቁ ከንፈር ተነሥታ
ሽቅብ የምትሸሽ፣ ጎዳናዋን በረዶ ተቀብታ።
እኔም በየማለዳው፣ ትምህርት ቤቱ አናቷ ላይ ነውና፣
ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌቴን ይዤ እወጣለሁ እንደገና።
ማርሽ አልቀይርም፤ የምቀይረው የለኝም፤
ሲብስ ከኮርቻው ተነሥቶ መቆም ነው፣ ሌላ መላ አላውቅም።

ሦስተኛው መብራት ጋ፣ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቴ ስረግጥ፣
ቋ! ይላል ከኋላዬ፣ የፔርኖው ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ሲያመልጥ።
ጎማው ይጣመማል፤ የቴላዮውን ግራ ጎን ይልሳል፤
የእግሬ ድካም ብረት ሲፍቅ ቆይቶ ወደ እግሬው ይመለሳል።
ውርጩ ላይ ተንበርክኬ ቁልፌን አወጣለሁ፤
ጓንቴን በጥርሴ ነክሼ፣ ክንዴ እስኪዝል አጠብቃለሁ።
በማግስቱም ያው ነው። ሦስተኛው መብራት፣ ቋ።
እኔ ደግሞ የማስተምረው ምን መሰላችሁ? ምዕራፍ አራት፤ ሰበቃ።
«ሁለት አካላት ሲነካኩ» ብዬ በጠመኔ እየጻፍሁ፣
የገዛ ፔርኖዬን አንድ ጠዋት መያዝ አቃተኝ፤ ተሸነፍሁ።

ቅዳሜ፣ ከወደቡ አጠገብ ካለች ጥገና ቤት ገፍቼ ወሰድኋት።
ከመጋረጃው ጀርባ ማን ብትወጣ ጥሩ ነው? አወቅኋት፤
ማርኒ ላይቲነን። ከኋላ ወንበር መስኮት መስኮት የምታይ፣
አምና፣ በሰበቃ ፈተና፣ አርባ አንድ ከመቶ ያገኘች፤ በራሴ እጅ፣ በቀይ።

እሷ አላፈረችም። ቸርኬውን አወጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፤
ፔርኖው የሚቀመጥበትን ስንጥቅ በጥፍሯ ጫረች።
«ይኸ ቀለም ነው» አለች። «ቀለም ላይ ምንም አይቆምም።
ዳዶው ብረቱን የነከሰ ይመስልዎታል እንጂ ገና አልነካውም።
ግራሶስ ማን ቀባው፣ እዚህ ፊቱ ላይ?»
ዝም አልሁ። ቀቢው እኔ ነኝ፤ ዝገት ፈርቼ፣ ከእሁዶች አንዱ ላይ።

ሞረድ አንሥታ ትፍቀው ጀመር፤ አዲሱ ሰማያዊ እንደ ቅርፊት ረገፈ፤
«አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት» የሚለው ተረት ከንፈሬ ደርሶ አለፈ።
ለስላሳውን ሮንዴላ ጣለችና ባለ ጥርስ መረጠች፤
«ግራሶ ለጠመዝማዛው ነው፣ ለፊቱ አይደለም» አለች።
ከቀኙ ጫፍ ትንሽ ሳቢ ገጠመች፤ ፔርኖውን ወደ ኋላ የምትይዝ፣
ሰንሰለቱ ወደ ፊት ሲጎትት «የለም» የምትል፣ የማትታዘዝ።
ከዚያ በረጅም ቁልፍ፣ ቀኙን ቀድማ፣ ግራውን አስከትላ፤
ሰንሰለቱን በጣቷ ሞከረች፣ እንዳይገተር፣ እንዳይላላ።

«ጉልበትዎ አልነበረም ያነሰው» አለችኝ፣ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ፤
«የሚነክሰው ነው ያጣ።» ምን ልበል? ደረሰኙን ጠበቅሁ፣ ከጥግ።

በዚያችው በማውቃት ጠማማ ጽሕፈት፦
«ሮንዴላ ሁለት፣ ሳቢ አንድ፤ ዐሥራ አራት ዶላር።
ቀለም መፋቅ፤ በነጻ።»

ሰኞ። ሦስተኛው መብራት። ተነሥቼ ቆምሁ፤ ረገጥሁ።
ምንም። ጎማው መሐል ለመሐል። የሰንሰለቱን ሲጥታ ብቻ ሰማሁ።
አናቱ ላይ ወርጄ ጣቴን በጎማውና በብረቱ መካከል ሰደድሁ፤
በግራም፣ በቀኝም፣
እኩል ነው።
ከታች ሐይቁ በብርድ ይጨሳል።

ክፍሌ ገብቼ የአምናውን ወረቀት ከመሳቢያ ፈለግሁ።
ጥያቄ ሦስት፦ ሰበቃን የሚጨምር ምንድን ነው?
መልሷ፣ በእርሳስ፣ አንድ መስመር ብቻ፦
«ፊቱን መፋቅ።»
በላዩ የኔ ቀይ ስርዝ።