ሦስት ተኩል ዋት

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ መስኮቱ በውርጭ ታውሯል፣
የኦሬስት ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱ ተዘርግፏል።
ዐሥራ ሁለት ቮልት ገብቶ አምስት ብቻ ሊወጣ፣
በረኛው ተቃጥሎ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ።

በእጄ ሁለት አለ። አንደኛው ቀልጣፋ፣
በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ በር ዘግቶ ሲከፍት
ከመቶው ዐሥር እንኳ የማያጠፋ።
ሌላው ባለ ሦስት እግር፣ ጀርባው ቆርቆሮ፣
የተረፈውን ሰባት ቮልት በላብ የሚያወጣ፣ ልክ እንደ ድሮ።

አባዛሁ፦ ግማሽ አምፔር በሰባት፣
ሦስት ተኩል ዋት።
በወረቀቴ ጥግ «ኪሣራ» ብዬ ጻፍኩት፣
ቀልጣፋውን በየድኩት።

በሦስተኛው ቀን ኦሬስት መጣ፣ ጢሙ በረዶ ለብሶ፤
«ትርሲት፣ ንብ ገብቶበታል» አለኝ፣ ሳጥኑን ከፊቴ መልሶ።
እርሻውን ከሸጠ ስድስት ዓመቱ ነው፤
የስንዴ ዋጋ ግን፣ ከሬጃይና ጣቢያ፣
ማታ ማታ ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደው።
ከቁጥሮቹ ሥር ያ ቀልጣፋ ያፏጫል፣
ዋጋው በፉጨት ይዋጣል።

ነቀልኩት። ባለ ላቡን ተከልኩ። ዝም አለ።
«ዝም አይነቅዝም» ያለ ሰው
ሬዲዮ ሳይጠግን አልቀረም።
ቀልጣፋውም አልተጣለ፤ መኪናዬ ውስጥ ስልክ ይሞላል፣
እዚያ ቢያፏጭስ ማን ያዳምጠዋል?

በየካቲት ቤቱ ጎራ አልኩ። ስንዴ ጥቂት ሳንቲም ጨምሯል።
ኦሬስት ወንበሩ ላይ፣
ቁርጥማት የያዛቸው ጣቶቹ ከሬዲዮው ጀርባ
የሞቀው ቆርቆሮ ላይ ተዘርግተው፣
ስገባም አላነሣቸው።

ማታ ያን ወረቀት ፈልጌ
«ኪሣራ» የሚለውን ሰረዝኩ።
በቦታው የምጽፈው አጣሁ፤
ቁጥሩን ብቻ ተውኩ።