ሐረጎ ላይ ሦስተኛው ሌሊት

የይማም ማክ አሜሪካዊት ናት፣ አፍንጫዋ ክንድ ያህላል፤
ከሚሌ ኮምቦልቻ በእሷ የመጣ፣ ኩላሊቱን ይቆጥራል።
የእኔዋ ቮልቮ ግን፣ ወንበሯ በአየር ይነፋል፤
አልጋዋ ላይ የተጋደመ፣ ጫጉላ የገባ ይመስለዋል።

«መኪና አይደለችም፣ ፍራሽ ናት» ይለኛል ሲተርበኝ፤
«ያንተዋስ ወፍጮ አይደለች?» እለዋለሁ፣ ሻይ ሲጋብዘኝ።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ሐረጎ ወገብ ላይ፣ በጉም መሀል፣
አንዲት ብርቱካን መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በራች፤
ቮልቮዬ ሳትጮህ፣ ሳትንገጫገጭ፣
በጨዋ ደንብ ቆመች።

እንድሪስ መካኒኩ፣ መዶሻውን ይዞ ከኮምቦልቻ ወጣ፤
«ይቺ ኮምፒውተር ነው የምትሻው፤ ጠብቅ፣ ዕቃው እስኪመጣ»
ብሎ፣ መዶሻውን ይዞ ወረደ።

ዛሬ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው።
የይማም ማክ እያጓራች፣ ጭሷን እየተፋች አለፈች፤
ሁለቴ ጡሩምባ ነፋችና፣ ጉሙ ውስጥ ጠፋች።

አልዋሽም፣
አልጋው
ለመጠበቅ እንዴት ይመቻል!