ከአንድ እስከ አምስት

ኮይምብራ ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ ዶና ኢዳሊና አነሳች፣
ግራ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው፣ በቀኟ ባቄላ ትፈለፍላለች።
«ከሆስፒታሉ ነው፣ እማማ፤ ጥያቄው አጭር ነው፣ አይከብድም፤
ከአንድ እስከ አምስት ይስጡን፣ ስምዎን አንመዘግብም፤
በድንገተኛ ክፍላችን ምን ያህል ረክተዋል?»

ዝም አለች፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ኮሪደር ላይ፣ ዓይኗን መብራት እየወጋው፣
ስሟን፣ የልደት ቀኗን ሰባቴ ጠይቀው፣ አንዱም ሳይጽፈው፤
የጆሮዋን መስሚያ አውልቀው፣ በላስቲክ ቋጥረው ወሰዱ፣
አልሰማ ስትላቸው ጊዜ «ጃጅታለች» ብለው ፈረዱ።
አንዲት ነርስ ግን፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣
እግሯን ዳስሳ ደነገጠች፤
የገዛ ሹራቧን አውልቃ ጠቀለለችላት።

ከጎኗ አንድ ሽማግሌ ነበር።
ድምፁ አይደርሳትም፤ ከንፈሩን ነው ያነበበችው፦
አልዚራ። አልዚራ። አልዚራ።
አልዚራ አይደለችም። ሌሊቱ ግን አልገፋ አለ፤
እጇን ሰዳ እጁን ያዘች፣
«አለሁ» አለችው፤ ደግማ፣ «አለሁ»፤
እሱም እንደ ሕፃን ዝም አለ።
ሊነጋ ሲል አልጋውን ገፍተው ወሰዱት፣
ወዴት እንደሆነ ማን ይንገራት?

«እማማ፣ ይሰማሉ? ቁጥሩን ብቻ።»
«ልጄ፣ ያ ከጎኔ የተኛው ሰውዬ እንዴት ሆነ?»
«እሱ… ቅጹ ላይ የለም።»

ጠረጴዛው ላይ፣ በባቄላው ልጣጭ መሀል፣
ከአልጋዋ እስከ አልጋው የነበረውን ክፍተት
በጣቶቿ ለካችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣
«ሦስት» አለች። ሦስት ስንዝር።

ልጁም «መካከለኛ እርካታ» ብሎ ሞላ፤
አመስግኖ ዘጋ።