ፋይሉ መጣ፣ ፊደሉ ቀረ

ከሒሳብ ክፍሉ ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ዳንቴል ለብሶ ኖረ አሮጌው ሰርቨር።
እትዬ ትርፌ ናቸው በኪሮሽ የሠሩለት፣
አቧራ እንዳይገባው ብለው ያሰቡለት።
አቧራውስ ገባ።
በማራገቢያው ወንፊት ተርብ ጭቃ ለጥፋ፣
ልጆቿን አሳድጋ፣ ድራ፣ ሸኝታ አልፋ፣
እሱ ግን ይሠራል፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ ትንሽ ሳል ሳል አርጎ፣
እንደ ዕድር ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
የጅማን ውሃ ሁሉ በሆዱ ይቆጥራል፦
የመንቲናን ቆጣሪ፣ የሄርማታን ዕዳ፣
የቦሳ ቂጦን ቧንቧ፣ የጅሬንን ጓዳ፣
ማን በሰዓቱ ከፍሎ፣ ማን «ነገ» እንዳለ፣
የማን ቆጣሪ ቆሞ ውሃው እንደቀጠለ።

አዲሱ መጣ።
በጨረታ፣ በኮሚቴ፣ በሰባት ሰው ፊርማ፣
የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ገባ ጅማ።
ቀጭን ነው፣ ጥቁር ነው፣ ድምፅ የለውም ጨርሶ፤
ስፖንጁ መሐል ተኛ ፕላስቲኩን ለብሶ።
አባ ዲጋ ጥበቃው አዩትና አዘኑ፦
«ካላጉረመረመ መኖሩ በምኑ?»

ዓርብ ማታ ጀመርኩ። ሰው የለም፣ ስልክ የለም፤
አዌቱ ሞልቶ ያገሣል፣ ዝናቡ አላቆመም።
ውሃ መሥሪያ ቤት ነን፤ መቅዳት ብርቃችን አይደል፤
ካሮጌው ወዳዲሱ ቀዳሁ፣ ጠብ ሲል፣ ጠብ ሲል።
ያለፈው ሰው ሁሉ ስም አውጥቶ ሄዷል፦
«አዲስ ፎልደር»፣
«አዲስ ፎልደር ሁለት»፣
«የመጨረሻ»፣
«የመጨረሻው የመጨረሻ»፣
«ይሄኛው ነው ትክክለኛው የመጨረሻ»፣
«አይነካ። ታጁ።»
ታጁ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም ዛሬ፤
እንዳለ ቀዳሁት፣ ሳልከፍት፣ አክብሬ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሦስት በመቶ ሲቀር፣
መብራት ጠፋ።
ባትሪው እንደ ጫጩት ጮኸ በጨለማ፤
አባ ዲጋ ወደ ጀነሬተሩ ሮጡ፤ ናፍጣ የለማ!
አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሁለት ሰዎች ቆመን፣
አንድ አሮጌ ብረት እንዳይሞት ለመንን።
መብራት ተመለሰ። ሳል፣ ሳል አለና
ካቆመበት ቃል ላይ ቀጠለ እንደገና።

ሰኞ ጧት ከመንደራ ቆጪ መጡ አዴ ዙበይዳ፣
በማያውቁት ቆጣሪ ተጽፎባቸው ዕዳ።
«ጽፋችሁልኝ ነበር፣ ያኔ፣ ባሌ ሳይሞት፤
የኔን ወረቀት ምስጥ በላው፤ እናንተ ጋ አለ፣ ክፈት።»
አለ። ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ። ከፈትኩት።
ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ነጥብ የተጫነው ጭረት፣
ጭራ የተቀጠለበት የማንም ያልሆነ ፊደል፣
ሁለት ገጽ ሙሉ ጩኸት፣ አንድም ቃል የማይል።
መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ ብለው አዩና
«የየት አገር ሰው ነው የጻፈው?» አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ፤ ላቤ ነው የነገረኝ፦
ዱሮ፣ ደብዳቤ ሁሉ ባሮጌው ፊደል ሲተየብ፣
ፊደሉ የሚኖረው እዚያው፣ እሱ ሆድ ውስጥ ነበር።
ፋይሉን አዛወርኩ እንጂ ፊደሉን ረሳሁት።

አሮጌው እስቶር ገብቷል፣ ከዛገ ቧንቧ ጋራ፣
«ይወገድ» የሚል ወረቀት ግንባሩ ላይ ተለጥፎ።
ሰካሁት።
ሳለ። ቆየ። ደግሞ ሳለ።
ከዚያ ስክሪኑ ላይ፣ ጥርት ብሎ፦
«ለወይዘሮ ዙበይዳ አባ ጀበል፤
ቆጣሪው የጎረቤትዎ መሆኑ ስለተረጋገጠ
ዕዳው እርስዎን እንደማይመለከት እንገልጻለን።»
ስለ ማኅተሙ አልጠየቁም፤
«እንገልጻለን» የሚለውን ሁለቴ አስነበቡኝ።

ፊደሉን በፍላሽ ይዤ ወጣሁ። ካንድ ፎቶ ታንሳለች።
የስንት ሰው አቤቱታ ያለሷ ዱዳ ነበር።

እትዬ ትርፌ ዳንቴሉን አጥበው፣ ተኩሰው መጡ፣
አዲሱ ላይ ሊጥሉ። «ይሞቀዋል» አልኳቸው።
አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ አልተቆጡም፣
ቀኑን ሙሉ ግን አላናገሩኝም።

ማታ ስወጣ አባ ዲጋ ቁልፍ እየፈለጉ፦
«ሁሉንም አዛወርክ?»
«ሁሉንም። ፊደሉንም ጭምር።»
ጆሯቸውን ወደ ሒሳብ ክፍሉ ጣል አድርገው ቆዩ።
ዝናቡ ብቻ ነው።
«ሳሉንስ?» አሉኝ።